‹‹ያገር ያለህ!››፦ ወንበዴ መንገድ ላይ ሲቆም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ደጋን ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ክርክር ገጠሙ። ነገሩ የተነሣው ከስልክ ነው። የአንደኛውን ጓደኛ አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ላይ ሁለት ሰዎች ጩቤ አውጥተው ስልኩን ተቀብለውታል። ልጁም ምንም ሳይል ሰጥቷቸው ወደ ቤቱ ሄዷል። ‹‹እንዴት ዝም ብሎ ይሰጣል? ወንድ አይደለም እንዴ? እኔ ብሆን...›› አለ አንደኛው። ከዚያ በኋላ የመጣውን መገመት አያቅታችሁም። ‹‹እኔ ብሆን›› ብሎ የጀመረ ሰው ተሸንፎ አያውቅም።

ከፊታቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር አሉና፣ ‹‹ልጄ፣ ለመሆኑ ያ ልጅ በዚያ ሰዓት ለምን ብቻውን ሄደ?›› ሲሉ ጠየቁ።

‹‹አባባ፣ እሱማ ሌላ ጥያቄ ነው›› አለ ወጣቱ።

‹‹የለም፤ ጥያቄው እሱ ነው›› ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እውነቱን ለመናገር በሽማግሌው ተናድጄ ነበር። የተዘረፈውን ልጅ የወቀሱት መስሎኝ ነው። ‹‹ምን አስመሸህ? ምን አስኬደህ?›› የሚለው ወቀሳ አገራችን ውስጥ ከዘራፊው ይልቅ ተዘራፊውን ሲያሳፍር የኖረ ነውና። በኋላ ግን ስለ ጥንቱ የነጋዴ መንገድ የማውቀውን ሳስታውስ ነገሩ በሌላ መልኩ ታየኝ። ሽማግሌው አጥብቀው የተናገሩት ‹‹ለምን ሄደ?›› የሚለውን ሳይሆን ‹‹ብቻውን›› የሚለውን ቃል ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች ቃል ነው።

የታጠቀ ወንበዴ ሲገጥም መስጠት ነው? መሸሽ ነው? ወይስ መግጠም? ጥያቄው የፊልም ጥያቄ ይመስላል። በዚህች አገር ግን ሰዎች ለዘመናት እየነገዱ፣ እየቆሰሉና እየታረቁ ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ ነው። መልሳቸውም እኛ በሽለላና በቀረርቶ ከለመድነው ይለያል።

ብር በሚከብድበት ዘመን

ደጋን ዛሬ ኮምቦልቻን ከባቲ በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከላይዋ ኮምቦልቻና ደሴ፣ ከታችዋ ገርባና ባቲ አሉ። መስመሩ ደጋው ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት በር ነው። ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ የቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ቆላው እህል ይፈልጋል፤ ደጋው ደግሞ ጨውና ከብት። ገበያ ባለበት መንገደኛ አለ፤ መንገደኛ ባለበት ደግሞ ቀማኛ አይጠፋም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ ከሸቀጡ ሌላ ገንዘቡንም ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። አንዱ ገንዘብ አሞሌ ጨው ነው። ሌላው ማርትሬዛ ብር ነው። አንዲት ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። መቶ ብር ማለት እንግዲህ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ጥሬ ብር ነው፤ ሺህ ብር 28 ኪሎ ነው። ይህን በጉያ ሸሽጎ መሄድ አይቻልም። በቅሎ ላይ ይጫናል፤ ጭነቱንም ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው አለ።

ታዲያ ሲራራ ነጋዴው ምን ያደርግ ነበር? ከሁሉ በፊት ብቻውን አይሄድም። መንገድ የሚጀመርበት ቦታ ላይ ሌሎች ነጋዴዎች እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል። ቀናት ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ሳምንታት። ሲበዙ ከመካከላቸው አዋቂውንና መንገድ የለመደውን መሪ ያደርጋሉ፤ እሱም ‹‹ነጋድራስ›› ይባላል። በየኬላው ቀረጥ የሚከራከረው፣ ከባላባቱ ጋር የሚነጋገረው፣ የት እንደሚታደርና መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው እሱ ነው። (ነጋድራስ የመንግሥት የቀረጥና የገበያ ሹመት የሆነው በኋላ ነው። ስለ ኢኮኖሚ በመጻፋቸው የምናውቃቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ።) ማታ ሲሰፍሩ ጭነቱን ይከምራሉ፣ እንስሳቱን ይሰበስባሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጀግንነት ወሬ እንደሌለ ልብ በሉ። መሣሪያ አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። ጦርም ጎራዴም ነበራቸው፤ ኋላም ጠመንጃ መጥቷል። ዋናው ውሳኔ ግን ወንበዴው ፊት ቆሞ የሚወሰን አልነበረም። ውሳኔው መቼ እንነሣ፣ ከማን ጋር እንሂድ፣ በየት በኩል እንለፍ የሚለው ነበር። ሌላው በደሙ የሚከፍለውን ሲራራው በጊዜው ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ወንበዴውም በበኩሉ ሒሳብ አዋቂ ነው። መዋጋት አይፈልግም፤ መውሰድ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የሚጠብቀው ወደ ኋላ የቀረውን፣ በቅሎው ያነከሰችበትን፣ ቸኩሎ ቀድሞ የወጣውን ነው። ‹‹ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል›› የሚለው ተረት ለእርሱ የሥራ መመሪያ ነው። ነጋዴውም በሌላ ተረት ይመልስለታል፦ ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።››

ሽጉጥ ያልጠቀመበት ሌሊት

‹‹የለም፣ ጥሩ መሣሪያ ያለው ሰው ብቻውንም ይሻላል›› የሚል አይጠፋም። ለእሱ ከወሎ ወጣ ብዬ ሁለት ታሪክ ልንገረው። ሁለቱም ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ከሚወጡት የነጋዴ መንገዶች የተገኙ ናቸው።

የመጀመሪያው የሪቻርድ በርተን ነው። ይህ እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ የወጣው ሰው ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከሦስት የአገሩ መኮንኖች ጋር በርበራ አጠገብ ሰፍሮ ነበር። ሐሳቡ ወደ ኦጋዴን ከሚመለሰው ትልቅ ቅፍለት ጋር አብሮ መጓዝ ነበር። ነገር ግን ከአገሩ የሚመጣ ፖስታና ዕቃ እጠብቃለሁ ብሎ ቅፍለቱን አስቀደመው። የበርበራ ገበያም ተበተነ። ሰው በሺህ የሚቆጠርበት ዳርቻ ባዶ ሆነ፤ የበርተን ድንኳኖች ብቻ ቀሩ።

በሌሊት ጦረኞች ወረዷቸው። እንግሊዞቹ በዘመኑ ምርጥ የነበረውን ባለ ብዙ ጥይት ሽጉጥ ይዘዋል፤ ጎራዴም አላቸው፤ ወታደሮችም ናቸው። ያም ሆኖ ስትሮያን የተባለው ተገደለ። ኋላ የናይልን ምንጭ ፍለጋ ዝነኛ የሆነው ስፔክ ተይዞ ብዙ ቦታ ተወግቶ በተአምር አመለጠ። በርተን ራሱ ጉንጩን በጦር ተበስቶ፣ ጦሩ ፊቱ ላይ እንደተሰካ ወደ ባሕሩ ሸሸ። ከቀጠሯቸው ጠባቂዎች አብዛኞቹ ሮጠዋል። ከዚያ ሌሊት የተረፈው ትምህርት ከሽጉጡ ዓይነት ጋር ግንኙነት የለውም። ቅፍለቱ ሲያልፍ ያለቀ ነገር ነበር።

ሁለተኛው የአርተር ራምቦ ነው። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ይህ ፈረንሳዊ በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ፣ ወደ ንጉሥ ምኒልክ ተጓዘ። ከእርሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ባራል የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ከነቅፍለቱ በዚያው በረሃ አልቋል። እንግዲህ አስቡት፤ ከ2,000 ጠመንጃ ጋር የሚሄድ ሰው ነው። ያሳለፈው ግን ጠመንጃው አይደለም። የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ፣ በየደረሰበት እየከፈለና እየተደራደረ ነው ሸዋ የገባው። በሶማሌው አገር ይህን የመሰለ ሥርዓት ስም አለው፤ እንግዳውን በጎሳው ስም ተቀብሎ የሚያሳልፈው ሰው ‹‹አባን›› ይባላል። አባኑ ያለበትን ነጋዴ መንካት አባኑን ከነጎሳው መንካት ነው።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ሰኞ

አሁን ወደ ባቲው መንገድ እንመለስ። አንድ ነጋዴ ውጅግራ ይዟል እንበል። ውጅግራ ከፈረንሳዩ ‹‹ግራ›› ጠመንጃ ስሙን ያገኘ፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና የሚጎረስ መሣሪያ ነው። አምስት ሆነው የመጡ ወንበዴዎች ፊት አንዲት ጥይት ማለት ምንድን ናት? ሳትተኮስ ታስፈራለች። ከተተኮሰች በኋላ ግን አንድ ሰው ወድቆ አራት የተቆጡ ሰዎች ይቀራሉ። ያልተተኮሰችው ጥይት ከተተኮሰችው የበለጠ ዋጋ ነበራት።

ይህንንም አለፈው እንበል። አንዱን ጣለ፤ ሌሎቹ ሸሹ፤ ንብረቱ ተረፈ። ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቃል። ለነጋዴው ግን ጣጣው ገና መጀመሩ ነው። የሞተው ሰው የሆነ ሰው ልጅ ነው። ወንድም አለው፤ አጎት አለው። ‹‹ወንበዴ ነበር›› ማለት ደሙን ውኃ አያደርገውም። ነጋዴው ደመኛ ሆነ ማለት ነው። ገበያው ደግሞ ሰኞ ሰኞ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ በዚያው ቁልቁለት ይወርዳል፤ በዚያው ዳገት ይመለሳል።

ወሎ ለዚህ ያበጀችው መላ አላት። አበጋሮች የሚባሉ በዘር ሐረጋቸውና በጸሎታቸው የተከበሩ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ‹‹ደም ይደርቃል››። ቃሉ ራሱ ይገርመኛል፤ ደም እስኪደርቅ ድረስ እርጥብ ነው ማለት ነው። በቃሉና በባቲ አካባቢ የተለያየ ቋንቋና ባህል ያላቸው ሰዎች አንድ ገበያ ላይ ሲገናኙ የኖሩት ይህን በመሰለ ሽምግልና ነው። ካሣው ግን ካሣ ነው። ብዙ ጊዜ ነጋዴው ከጫነው ጨው ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ይህ ፍርሃት ሁለቱንም ወገን ያስራል። ወንበዴውም ነጋዴ ከገደለ ደመኛ ይሆናል። ከዚህም በላይ ወንጀል የተሠራበት አካባቢ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የሚመረመርበት ሥርዓት ነበር፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው በደጁ ነጋዴ እንዲዘረፍ አይወድም። ቀማኛው ያስቀየመው አንድን መንገደኛ ሳይሆን አንድን ቀበሌ ሙሉ ነው።

‹‹ያገር ያለህ! የወገን ያለህ!›› የሚለው ጩኸት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የቃላት ማድመቂያ አድርገነዋል እንጂ ጥንት የመከላከያ መሣሪያ ነበር፤ የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ የሚወጣበት። ‹‹በሕግ አምላክ!›› ማለትም እንዲሁ ነበር፤ ባዶ እጁን የቆመ ሰው በቃል ብቻ ሌላውን ‹‹ቁም!›› የሚልበት። ሁለቱም የሚሠሩት ግን ሰሚ ሲኖር ነው።

ኪታቡም ኦሪቱም

የወሎ ነጋዴ ባብዛኛው ሙስሊም ነበር። ሃይማኖቱስ ምን ይለው ነበር? ገንዘቡን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ እንደሆነ የሚገልጸው ሐዲስ በሰፊው ይታወቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። በወሎ መድረሳዎች ፊቅህ የተማረ ሰው ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ኢማም ነወዊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት ‹‹ሚንሃጅ›› የተባለው የሻፊዒዮች ኪታብ በእነዚህ መድረሳዎች ሲቀራ የኖረ ነው፤ አጥቂን ስለ መመለስም ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

ነገሩ ደረጃ ነው። በቃል ወይም ሰው ጠርቶ መመለስ ከተቻለ መምታት አይፈቀድም። በእጅ ከተቻለ ጅራፍ አይነሣም፤ በጅራፍ ከተቻለ ዱላ አይነሣም። አካል ላይ ጉዳት በማድረስ ከተመለሰ መግደል አይፈቀድም። ሸሽቶ ማምለጥ የሚቻል ከሆነ ደግሞ መሸሽ ነው እንጂ መዋጋት የለም። ሌላም አለ፤ ገንዘብን መከላከል የተፈቀደ እንጂ ግዴታ አይደለም። ስልኩን ሰጥቶ የሄደው ልጅ በዚህ ኪታብ ሚዛን የሚያሳፍር ነገር አልሠራም።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት ገዳዩ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን አለበት። የሮማውያን የ12ቱ ሰሌዳ ሕግም የሌሊቱንና የቀኑን ሌባ እንዲሁ ይለያል፤ በቀን የመጣው መገደል የሚችለው በመሣሪያ ከተከላከለ ነው። ምክንያቱ አይከብድም። በጨለማ የገባው ሰው ሊሰርቅ ይሁን ሊገድል የቤቱ ባለቤት አያውቅም፤ የሚረዳውም ጎረቤት ተኝቷል። በቀን ግን ያያል፤ ይጮኻል፤ ሰው ይደርስለታል። እንግዲህ የጥንቱ ሕግ ‹‹ሌባው ማነው?›› ከማለት ይልቅ ‹‹ሌላ ምርጫ ነበረህ ወይ?›› ነው የሚለው።

መንግሥት ሲገባበት

መንግሥት መንገዱን እኔ እጠብቃለሁ ማለት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እንደነገሡ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አወጁ። እንደሚተረከው አንድ አገር ወንበዴዎች ተሰብስበው መጡና ‹‹የአባታችን ሥራ ዝርፊያ ነው፤ አዋጁን ያጽድቁልን›› አሏቸው። ንጉሡ መሬትና በሬ ልስጣችሁ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ መጨረሻቸውም አላማረም። ቀልዱ ያለው ንጉሡ ራሳቸው ካሳ ሳሉ በቋራ በረሃ የሸፈቱ መሆናቸው ላይ ነው። ሽፍታ ምን እንደሚያስብ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ጥያቄው በዘመናዊ ሕግ ቋንቋ በደንብ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በስዊሱ ዣን ግራቨን ረቂቅ የተመሠረተው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 74 ሕጋዊ መከላከልን ደነገገ። ዛሬ የምንሠራበትና ግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 አስቀጠለው።

በተራ አማርኛ ሲነገር ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና እየተፈጸመ ያለ ወይም አሁኑኑ ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ መከላከያው ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሦስቱ ከተሟሉ ቅጣት የለም። ራስን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ሰው መከላከልም ተፈቅዷል።

መጠኑን ያለፈ ሰውስ? አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልለት ያዛል። ልኩን ያለፈው ጥቃቱ ከፈጠረበት ይቅርታ ሊደረግለት ከሚገባ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የተነሣ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሳይቀጣ ሊያልፈው ይችላል። የሌሊቱ ሌባ ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ሕጉ የደነገጠ ሰው ሚዛን ይዞ እንደማይቆም ያውቃል። ሆን ብሎ የገደለ ቢሆን እንኳ የመከላከልን ልክ በማለፍ ከሆነ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ይህ ከተራው የነፍስ ግድያ ቅጣት እጅግ የቀለለ ነው፤ ነገር ግን እስራት ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ቀማኛው ዕቃውን ይዞ ዞሮ ከሮጠ በነፍስ ላይ የመጣው ጥቃት አልፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 የተቀማ ሰው ቀማኛውን እጅ ከፍንጅ ወይም ሲሸሽ ይዞ ንብረቱን ወዲያው እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ ሁኔታው የማያስገድደውን ድብደባ ግን ይከለክላል። ጀርባውን የሰጠን ሰው መተኮስ ከዚህ ልክ በጣም የራቀ ነው። ‹‹ሌባ! ሌባ!›› ተብሎ ተይዞ፣ ጩቤውን ተቀምቶ፣ መሬት ላይ የወደቀን ሰው መንገደኛው ሁሉ እየተቀባበለ መደብደብማ መከላከል አይደለም። ያ ወንጀል ነው። በከተሞቻችን ስንት ሰው ይህን አይቶ ‹‹የእጁን አገኘ›› ብሎ አልፏል? ‹‹ያገር ያለህ›› ሰውን ለማዳን የሚጠራ ጩኸት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ አንዳንዴ ለመግደል የሚጠራ ሆኗል።

ከኤንትሬ እስከ ቴሌብር

ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ እስከ አሰብ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ሠራ። በቅሎው በፊያት ተተካ። ሾፌሮች ‹‹ኤንትሬ›› የሚሏት መኪና ከነተሳቢዋ ይህን ቁልቁለት ለዓመታት ስትወርድና ስትወጣ ኖራለች፤ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ በር እስኪዘጋ ድረስ።

መኪናው ቢለወጥም ብልሃቱ ብዙ አልተለወጠም። በጦርነቱ ዘመን የሰሜን መንገዶች ላይ ከባድ መኪኖች ተሰብስበው፣ ታጅበው፣ ‹‹በኮንቮይ›› መሄድ የተለመደ ነበር። ኮንቮይ ማለት ጎማ ያለው ሲራራ ነው። ኮንቮዩን የሚመራው ሰው ያልተሾመ ነጋድራስ ነው።

ገንዘቡም ቀለለ። ከ28 ኪሎ ማርትሬዛ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ባንክ ደብተር፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ቴሌብር። ዛሬ ነጋዴ ከባቲ ወደ ደሴ ያለ አንዲት ሳንቲም ሊመጣ ይችላል። ይህ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ገንዘቡ ከኮረጆ ወጥቶ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ቁጥር ውስጥ ሲገባ ዘራፊውም አብሮ ተለወጠ። ኮረጆውን ወስዶ ሰውዬውን የሚተወው ቀረና ሰውዬውን ራሱን የሚወስድ መጣ። ባለፉት ዓመታት በአማራና በኦሮሚያ ክልል መንገዶች ላይ ስንት መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ ታግቷል፤ ስንት ቤተሰብ ማስለቀቂያ ሲለምን ከርሟል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ይህን ደጋግሞ ተናግሯል።

ከባዱ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው፤ አላልፈውም። ‹‹ንብረት ከሆነ ስጥ›› የሚለው ምክር የሚሠራው ዘራፊው የሚፈልገው ንብረት ሲሆን ነው። የሚፈልገው አንተን፣ አንቺን፣ እህታችንን ሲሆንስ? ያኔ የሚሰጥ ነገር የለም። ኪታቡም፣ አንቀጽ 78ም ሙሉ ኃይላቸው የሚቆመው ለዚያች ሰዓት ነው፤ ሌላ መንገድ ለሌለባት ሰዓት። መሸሽ የሚችል ይሸሻል፤ መጮህ የሚችል ይጮኻል፤ ምንም ያልቀረው በእጁ ባገኘው ይከላከላል። የተያዘውና ምንም ማድረግ ያልቻለው ግን ሊያፍር አይገባውም። ክላሽ ለታጠቁ አሥር ሰዎች አንድ ተማሪ ምን መልስ አለው? ‹‹እኔ ብሆን›› የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ በደል ይሆናል።

መሣሪያ መግዛትስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ከጦርነቱ ወዲህ ግን በየቤቱ ያለው መሣሪያ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሁንና ከተማ ውስጥ ያለው ዘራፊ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማጅራት መቺ ነው። ከኋላ ነው የሚመጣው። ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ ለማጅራት ምን ይፈይዳል? ዘራፊው የሚያገኘው ትርፍ ቢሆን እንጂ።

የሲራራዎቹ ጥያቄ ‹‹ከማን ጋር ነው የምሄደው?›› የሚል ነበር። ዛሬ የዚህ ጥያቄ መልስ ምን ሊሆን ይችላል? ማታ ከሥራ ስንወጣ መጠባበቅ ነው። ሰፈር ውስጥ መብራቱ የጠፋበትን ቅያስ ተሰብስቦ ማስበራት ነው። ጩኸት ስንሰማ መስኮት መዝጋት ሳይሆን መውጣት፣ ወጥተንም ተዘራፊውን ማዳን፣ የተያዘውን ሌባ ደግሞ ከሕዝቡ ዱላ አድኖ ለፖሊስ መስጠት ነው። ይህ ሁሉ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሲራራው ለሳምንታት መጠበቁም አሰልቺ ነበር። ሰው በሌለበት አገር ግን ‹‹ያገር ያለህ›› ብሎ የሚጮኸው ሰው ከጉሮሮው በቀር የሚጎዳው የለም።

ሚኒባሷ ደጋን ስትደርስ ሽማግሌው ሊወርዱ ተነሡ። ያ ‹‹እኔ ብሆን›› ባዩ ወጣት ከረጢታቸውን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ አቀበላቸው። ‹‹አብሽር ልጄ፣ እደግ›› አሉት። ቁልቁል ሳይ ከአስፋልቱ ዳር ሦስት ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። ሽማግሌውን ሲያዩ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። ወደ መንደራቸው የሚወጣውን መንገድ ለመጀመር አራተኛ ሰው እየጠበቁ ነበር።